ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ድንበር

የሰው ልጅ ጤነኛ ሳለ መራመድን እንደ ትልቅ ነገር አይቆጥረውም። ማለዳ ከአልጋው ወርዶ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ የወደቀ ዕቃ ለማንሣት ሲያጎነብስ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ለመጠጣት በርጩማ ስቦ ሲቀመጥ፣ ይህን ሁሉ የሚያስችለው በጭኑና በዳሌው መካከል የሚሽከረከር አንድ ክብ አጥንት መሆኑን ልብ አይልም። ልብ የሚለው አጥንቱ የታመመ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ከአልጋ እስከ በር ያለችው አራት ክንድ የማትሞላ መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ያህል ትረዝምበታለች።

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ይህንኑ የሚመለከት ጉዳይ ነው። የተጎዳ የዳሌ መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ፣ ሰው ወደ ዕለት ኑሮው እንዴት ይመለሳል? ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑንን እናት ያገኘናቸው ከካርቱም ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ጠየቁን አንጠራውም። ባለቤታቸው ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ ሃምሳ አለቃ ናቸው ብንል ግን አይቀየሙንም።

በዴይም ሠፈር

ባልና ሚስቱ ኑሮአቸውን የመሠረቱት በካርቱም ዴይም በሚባለው ሠፈር ነበር። ሠፈሩን ከወገኖቻችን መካከል በካርቱም ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ አማርኛውና ትግርኛው ከዐረብኛው ጋር የሚሰማበት ሠፈር ነበር። ሃምሳ አለቃው በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ሻይ እያፈሉ ይሸጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ነው ሥራቸው።

ሕመሙ የጀመራቸው ከብሽሽታቸው ነው። ቀጥሎ ወደ ጭን፣ አልፎ አልፎም ወደ ጉልበት ወረደ። እርሳቸው ብርድ ነው አሉ፤ ጎረቤት ቁርጥማት ነው አለ። በሙቅ ውኃ ታሸ፤ ወጌሻም አየው። ዓመት ሳይሞላ ማንከስ ጀመሩ፤ ጫማቸውን ባለቤታቸው ካላጠለቁላቸው በቀር ማጥለቅ አቃታቸው። በመጨረሻ ራጅ ሲነሡ፣ የጭን አጥንታቸው ክብ ራስ ደም በበቂ ሳያገኝ ቆይቶ ጠፍጥፎ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫና ዘነዘና ይመስላል። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ በመካከላቸውም እንደ ግራሶ የሚያለሰልስ ልስልስ አጥንት አለ። ይህ ልስልስ አጥንት በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ አጥንት በአጥንት ላይ ይፋጫል። ክብ ራሱ የሚያገኘው ደም ከተቋረጠም ይሞትና ይፈርሳል። ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ የመጠጥ ብዛት፣ እንዲሁም በምዕራብ ሱዳን በብዛት የሚገኘው ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ለዚህ ከሚዳርጉት መካከል ናቸው። ለወታደር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በመኪና መገልበጥ ወይም በመውደቅ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ የነበረ ሰው፣ ስብራቱ ድኖአል ከተባለ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ የማይለቅ የብሽሽት ሕመም ያለበት ሰው፣ በጉልበቱ ላይ ብቻ ቢሰማውም እንኳ፣ ዳሌውን በራጅ መታየት ይገባዋል።

ከጦር ሜዳ ሐኪም የተገኘ ጥበብ

የዛሬውን የዳሌ መገጣጠሚያ ለዓለም ካበረከቱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ ናቸው። እኚህ ሰው ወታደርም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል ባልደረባ ሆነው ከደንከርክ ማፈግፈግ ተካፍለዋል፤ ከዚያም ወደ ካይሮ ተልከው ለቁስለኞች የእግር መደገፊያ የሚሠራ ወርክሾፕ መርተዋል። ከካርቱም ቁልቁል የሚፈሰው ያው ዓባይ በሚያልፍበት ከተማ፣ ብረት እየታጠፈና እየተበየደ የተሰበረ እግር እንዴት እንደሚደገፍ በእጃቸው ተማሩ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ከብረት የተሠራ ትንሽ ክብ ራስ ቴፍሎን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ጎድጓዳ ውስጥ አስገቡ። በሽተኞቹ በመጀመሪያ ያለ ሕመም ተራመዱ፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፕላስቲኩ አለቀ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ሐኪሙ ስሕተታቸውን አልደበቁም። የተበላሸውን ራሳቸው መልሰው እየከፈቱ አወጡ፤ የሚቀጥለውን ፕላስቲክ ሰውነት ይቀበለው እንደሆነ ለማወቅም ቅንጣቱን በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስቀበሩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ፖሊኤቲሊን በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የመጀመሪያውን ሥራ ሠሩ፤ ይህኛው ጸና። እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ይህን ቀዶ ሕክምና የምዕተ ዓመቱ ቀዶ ሕክምና ብሎ የሰየመው ጽሑፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናትም፣ ከተተኩት መገጣጠሚያዎች ከመቶው 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አመልክቷል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚሠራው የሥራውን ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚሠሩት በሽተኛውና ቤተሰቡ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እኚህ እናት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በካርቱም ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። በማግሥቱ ማለዳ ነርሷ መጥታ ተነሡ ስትላቸው የቀልድ መስሎአቸው ነበር። እርሳቸው ቢያንስ ለአርባ ቀን እንደሚተኙ ገምተው ነበርና። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች በሽተኛውን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ያቆሙታል። ምክንያቱም ተኝቶ የሚቆይ እግር ደሙ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደም ለሞት ያሰጋል።

ስለዚህ በአልጋ ላይ ሳሉ እንኳ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች በየሰዓቱ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ የጭንን ጡንቻ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ መቀመጫን ጨመቅ አድርጎ ማላላት ይታዘዛል። ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘም ቀን ሳይዘለል ይወሰዳል። በመጀመሪያ ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ቀጥሎ ሁለት ክራንች፣ ከዚያም አንድ ምርኩዝ እየተባለ ይወረዳል።

ምርኩዙ በየትኛው እጅ ይያዛል ቢባል፣ ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይላል። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ቀኝ ዳሌው የተሠራለት ሰው ምርኩዙን በግራ እጁ ይይዛል፤ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። እንዲህ ሲሆን የሰውነት ክብደት ለሁለቱ ይከፈላል፤ የዳሌው ጡንቻም ያርፋል። ስለ ደረጃ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ለባለቤታቸው በወታደር ቋንቋ አስጠንተዋቸዋል፤ ሽቅብ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይምራ፣ ቁልቁል ሲወርዱ የታመመው ይቅደም።

የቤት ውስጥ ፈተና

ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ትእዛዝ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነበር። ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ እስኪል ድረስ አይቀመጡ፤ ከወገብ በታች አያጎንብሱ፤ እግር በእግር ላይ አያነባብሩ፤ የተሠራውን እግር ወደ ውስጥ አያዙሩ። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ከኋላ በኩል ለተሠራ ዳሌ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። ዳሌው ከፊት በኩል የተሠራ ከሆነ ሐኪሙ አንዳንዱን ሊያላላው ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲሱን ክብ ራስ በጎድጓዳው ውስጥ አጽንተው የሚይዙት ሥጋና ጅማት እስኪድኑ ድረስ፣ በመጥፎ አቀማመጥ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል።

ነገር ግን የእኛ ቤት የተሠራው ለዝቅተኛ ኑሮ ነው። በርጩማው ዝቅተኛ፣ ረከቦቱ ዝቅተኛ፣ ምድጃው መሬት ላይ፣ መጸዳጃው ቁጢጥ የሚያስብል ነው። የሱዳኑ አንገረብም ገመዱ ሲላላ መሐሉ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው የባለቤታቸውን ትእዛዝ ወደ ተግባር ለመለወጥ እንደ ጥሩ ምሽግ ሠሪ ቤቱን ዞረው ተመለከቱ፤ ያደረጉትንም ለአንባቢዎቻችን እንዘረዝራለን።

የአንገረቡን ገመድ አጠበቁ፤ ከአራቱም እግሮቹ ሥር ጡብ አስገብተው ከፍ አደረጉት። በላዩም ጠንከር ያለ ፍራሽ አነጠፉ። ለመጸዳጃው ከአናጢ ዘንድ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አሠርተው ከጉድጓዱ በላይ አቆሙት፤ በግድግዳውም ላይ መያዣ ብረት መቱበት። ምንጣፉን ጠቀለሉት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ወደ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት። ረከቦቱን ከጠረጴዛ ላይ አወጡት። ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መንጠቆ አድርገው የወደቀ ነጠላ ማንሻ ሠሩላቸው። የገላ መታጠቢያው ወለል እንዳያንሸራትት የላስቲክ ምንጣፍ አነጠፉ። ሌሊት በጀርባቸው ሲተኙ በሁለቱ ጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ ያኖሩላቸው ነበር። ይህ ሁሉ የፈጀው የአንድ ሳምንት ጊዜና መጠነኛ ገንዘብ ነው።

ይህም ሆኖ አንድ ቀን ተሳሳቱ። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጥተው ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እኔ በወንበር እንዴት እላለሁ ብለው ይሉኝታ ያዛቸውና ከበርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ሲነሡ በዳሌአቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። ደግነቱ አልወለቀም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ይሉኝታን ከበርጩማው ጋር ከቤት አስወጡ። ለአስታማሚም ለጠያቂም የምንለው ይህን ነው። ታማሚን ከፍ ባለ ወንበር ማስቀመጥ ንቀት አይደለም፤ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ ማለት ግን ጉዳት ነው።

ከበር ውጪ

በአምስተኛው ሳምንት ከበር ወጡ። የካርቱም ፀሐይ እንደሚታወቀው ቀልድ አያውቅም፤ ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ውኃ ያነሰው ሰው ደሙ ይወፍራል፤ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ደግሞ ይህ ክፉ ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞአቸው ከጎሕ መቅደድ ጋር፣ ውኃ በእጅ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጎረቤት አጥር፣ በሳምንቱ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ እስከ ኒም ዛፋቸው ደረሱ። ሃምሳ አለቃው እርምጃውን እየቆጠሩ በትንሽ ደብተር ይጽፉ ነበር። የትናንቱን ያህል ወይም ጥቂት በለጥ ያለ እንጂ እጥፍ እንዳይሆን ይጠነቀቁ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን አብዝቶ ሦስት ቀን መተኛት ትርፍ የለውም።

ተሽከርካሪ ላይ መሳፈርም የራሱ ሥርዓት አለው። ራክሻ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ዝቅተኛና የሚንገጫገጭ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይመከርም። መኪና ውስጥ ሲገቡ መቀመጫው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ትራስ ይነጠፍበታል፤ በሽተኛው ጀርባውን ሰጥቶ በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ አድርጎ ይዞራል። ራሱ መንዳት ለሚሻ ሰው ስድስት ሳምንት ያህል መታገሥና ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል።

ወሩ ዓቢይ ጾም ነበር። ስግደቱን መተው ለእኚህ እናት ከሕመሙ ይልቅ ከበዳቸው። የነፍስ አባታቸው ግን ቁመውም ተቀምጠውም መጸለይ እንደሚችሉ ነገሯቸው። በዕለተ ስቅለት ሌላው ሲሰግድ እርሳቸው በመቋሚያ ተደግፈው ቆሙ። እስላም ወገኖቻችንም ሕመምተኛ በወንበር ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖታቸው እንደሚፈቅድ ያውቃሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን

የስቅለት ማግሥት፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ፣ በካርቱም ተኩስ ተከፈተ። ለክርስቲያኑ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለእስላሙ የረመዳን ጾም የመጨረሻ ሳምንት ነበር። በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተጀመረው ውጊያ ከተማዋን እንደ እሳት በላት። ውኃና መብራት ተቋረጠ፤ ከሆስፒታሎቹም አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ። በጦርነቱ መካከል ሥራቸውን ለመቀጠል ከታገሉት ጥቂቶች መካከል በኦምዱርማን የሚገኘው የአል ናው ሆስፒታልና በደቡብ ካርቱም የሚገኘው የበሻየር ሆስፒታል ይጠቀሳሉ። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያለው ሰው ግን ቀጠሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሰረዘ።

እኚህ እናት ያን ጊዜ አሥረኛ ሳምንታቸው ነበር። ደብተሩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቁጥር፣ በአንድ ምርኩዝ ያለ ዕረፍት 900 እርምጃ ነው። መኪና ወደ ሠፈሩ መግባት ስላልቻለ፣ አውቶቡስ ወደሚገኝበት ቦታ በእግር መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ ይጠብቃቸዋል። ሃምሳ አለቃው ባለቤታቸውን ለመሸከም ተዘጋጅተው እንደነበር አልሸሸጉንም። መሸከም ግን አላስፈለገም። እርሳቸው በምርኩዛቸው፣ ባላቸው በዕቃው፣ እያረፉ ሄዱ። በአውቶቡሱ ውስጥ ከመቀመጫቸው ላይ ሁለት ትራስ ደረቡ፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ጥቂት ተራመዱ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ማንቀሳቀስ አላቋረጡም። ጋላባት ደርሰው ወደ መተማ ሲሻገሩ በገዛ እግራቸው ነበር።

እኚህ እናት ዛሬ በአገራቸው ሆነው ቡናቸውን ከጠረጴዛ ላይ ያፈላሉ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ እንደ ያዘ ሲሰሙ፣ ስለ ኒም ዛፋቸውና ጡብ ስለ ደገፈው አንገረብ አሰቡ። ሁለቱም ቆመው እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ለባለቤትና ለቤተሰብ ማስታወሻ

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚጠቅመውን ስንለቅም፣ ከሁሉ አስቀድሞ አደገኛ ምልክቶችን ማወቅ ይገባል። የባት ሕመምና እብጠት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላትና ፈሳሽ ማውጣት፣ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከእግር ማጠርና መጠምዘዝ ጋር ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ወጌሻ የተተካ ዳሌን መንካት የለበትም፤ ሙያውን ንቀን ሳይሆን በውስጡ ያለው አጥንት ሳይሆን ብረትና ፕላስቲክ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው፣ አስታማሚ ሥራውን ሁሉ ነጥቆ አይሥራ። ሃምሳ አለቃው ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃውን፣ ጫማውን፣ ምግቡን ሁሉ ስላቀረቡ ባለቤታቸው እየሰነፉ መጡ። ኋላ ላይ ውኃውን ከክፍሉ ማዶ ማስቀመጥ ጀመሩ። ባለቤታቸው ተቆጡ፤ ግን እየተቆጡ ተራመዱ። ቁጣው አለፈ፤ እርምጃው ቀረ።

ሦስተኛው፣ የባልና የሚስት ግንኙነትን በሚመለከት ብዙዎች አፍረው አይጠይቁም። ሐኪሞች በአብዛኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ይፈቅዳሉ፤ የትኛው አቀማመጥ እንደሚስማማም ይመክራሉ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም መጠኑን ማወቅ ነው። የተተካ ዳሌ ለእግር ጉዞ፣ ለዋና፣ ለቤት ሥራና ለቀላል የጓሮ ሥራ ይበቃል። ሩጫ፣ ዝላይና ከባድ ሸክም ግን ዕድሜውን ያሳጥሩታል። የቀድሞ ወታደር ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ሆኖም ወታደር የትጥቁን ዕድሜ ለመጠበቅ ይወለውለዋል፣ ያጸዳዋል፣ ያለ አግባብ አይተኩስበትም፤ ዳሌውንም እንዲሁ ይያዘው።

ደብተሩን ሃምሳ አለቃው ዛሬም በኪሳቸው ይዘውታል። ስንሰናበታቸው ከፍተው አሳዩን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ቁጥር አራት ነው፤ ከአልጋ እስከ በር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥር የለም፤ መተማ የሚል ብቻ ተጽፎበታል።